አዳዳ ጫልቱ እና ታክሲ የሚያቆመው መድኃኒት

አዳዳ ጫልቱ ጡረታ ስትወጣ የምትሠራበት ሆስፒታል ሰዎች «የሥራ ዘመንሽን ትዝታ ጽፈሽ አምጪ፣ ስንብቱ ላይ ይነበባል» አሏት። እሷ ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ እኔ ዞረች።

«ሲፈን፣ አንቺ ጻፊው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት የሙቀት ልክና የሽንት ልክ ነው። እሱን ባነብላቸው ተሰብስበው ይተኛሉ።»

እሺ ለማለት አፍታም አልወሰደብኝም። ዘንድሮ የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ካስነበቡኝ ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ራሱ ይስቃል። ስለዚህ እሷ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። መልሼ ሳነብላት «ይኼ ይውጣ» ያለችውን አውጥቻለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም።

አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እኅት ነው። ለሰፈሩ ሲስተር ጫልቱ ናት። የካ፣ ተራራው ሥር፣ አያቶቼ ያርሱት ከነበረው መሬት በተረፈችው ቁራጭ ላይ በተሠራው ቤት ውስጥ አባዬን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸው በልጅነታቸው ነው የሞተችው። አባዬ አሁንም ስትቆጣው «እሺ እማማ» ይላታል። እሷም አሁንም ጆሮውን ትቆነጥጠዋለች፣ ያ ሁሉ ሽበት እያለበት።

ሥራ የጀመረችው ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። ክትባት፣ ወሊድ፣ የውሻ ንክሻ፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ደመወዟን ስጠይቃት «ጨው ገዝቶ በርበሬ ጋ ሲደርስ ያልቅ ነበር» ብላ አለፈችው። ከዚያ ዝውውር ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ጠየቀች፣ በመጨረሻም እዚሁ የካ ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወረች። የመጀመሪያዋ አለቃዋ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ማትሮን ነበሩ፤ ነጭ ጫማ ላይ የጭቃ ነጥብ ካዩ ቀኑን ሙሉ አይረሱም። በክረምት ከእኛ ሰፈር ወርዶ ጫማው ነጭ ሆኖ የሚደርስ ሰው ደግሞ ጫማውን ተሸክሞ የሄደ ብቻ ነው። አዳዳም በላስቲክ ይዛው እየሄደች በር ላይ ትቀይር ነበር። አንድ ቀን መቀየሩን ረሳችና ማትሮን አገኟት።

«ጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ክፍል ትገቢያለሽ» አሏት። «እዚያ ያሉት ዓይናቸውን አይገልጡም። ጫማሽን የሚያይብሽ የለም።»

ለቅጣት ገብታ እዚያው ጡረታ ወጣች።

እዚያ ነው ጋሽ ደምሴን ያገኘችው። ጋሽ ደምሴ የማደንዘዣ ባለሙያ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ጠጋ ብለው ካልሰሟቸው የማይሰሙ ሰው። አዳዳ ዛሬም የሚያስቸግር ነገር ሲገጥማት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ከእሳቸው የወሰደችው ነው።

መድኃኒቱን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። እኔ ባዮሎጂ ብማርም እንደዚህ አልገባኝም ነበር። «የራስ ቅል አጥንት ነው» አሏት፤ «እንደ ሆድ አይለጠጥም። ውስጡ ደም ከፈሰሰ ወይም እባጭ ከበቀለ አንጎል መጠጊያ ያጣል። ይጨነቃል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ቀጥሎ ያስመልሰዋል፣ ቀጥሎ ይተኛል። ማኒቶል የስኳር ዘመድ ነው። በደም ሥር ሲገባ ካበጠው አንጎል ውሃውን ወደ ደም ይስባል፤ ኩላሊት ደግሞ በሽንት ያስወጣዋል። አንጎሉ ትንሽ ሸሸት ይላል። ቀዶ ሐኪሙ ሲከፍተው ተወጥሮ አይጠብቀውም።»

ማኒቶል ግን ብርድ አይወድም። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ጨው ያለ ጠጠር ይሠራል። ያ ጠጠር ወደ ሰው ደም መግባት የለበትም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ እያንዳንዱን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ከፍ ያደርጉታል። መስኮቱ ወደ እንጦጦ ነው የሚያሳየው። በመድኃኒቱ ውስጥ አሻግረው ተራራውን ያያሉ። ባሕር ዛፎቹ ጥርት ብለው ከታዩ ይሰጣል። አንዲት ነጭ ፍሬ እንኳ በመሃል ከተንሳፈፈች ጠርሙሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍሬዋ ሟሙታ እስክትጠፋ። ከዚያ እንዲበርድ ይጠበቅና እንደ ሕፃን ወተት የእጅ አንጓ ላይ አስነክተው ሙቀቱን ይለኩታል።

አንድ ችኩል ቀዶ ሐኪም ነበር አሉ። «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ እዚህ ሰው ይዤ እርስዎ ተራራ ያያሉ?» አላቸው።

«አየሁ፣ ጨረስኩ» አሉት ጋሽ ደምሴ። «ተራራው ቦታው ላይ ነው። እንግባ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሕመምተኛው ራስ ከፍ ማለት አለበት፤ የአልጋው ማንሻ ግን ተሰብሯል። የማስጠገኛው ማመልከቻ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጋሽ ደምሴ ከእንጦጦ ሁለት የባሕር ዛፍ ጉማጅ አስቆርጠው በታክሲ ይዘው መጡ፤ ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር አስገቧቸው። አልጋው ከተቀየረ በኋላ እንኳ ማንም ሊጥላቸው አልደፈረም። አንዱ አሁን እኛ ቤት ነው፤ ነፋስ ሲነሣ በሩን ይደግፋል።

አንገትም ቀጥ ማለት አለበት፣ ደም ከራስ የሚወርድበት መንገድ እንዳይታነቅ። አንገት ላይ የጠበቀ ነገር ሁሉ ይፈታል። ማተብ ግን በመቀስ አይቆረጥም። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጥፍራቸው ይፈቱና የሕመምተኛው እጅ ላይ ያስሩታል።

«መቀስ ይፈጥናል እኮ» አለቻቸው አዳዳ አንድ ቀን።

«ይፈጥናል፤ እናትየው ግን በሩ ላይ ቆማ ታያለች።»

ከሁሉ በፊት ደግሞ የሽንት ቱቦ። «መጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ ማኒቶሉ» ይሏታል። አዳዳ በገባች ሰሞን ቱቦውን ረስታ ማኒቶሉን ለቀቀችው። ፍራሹ፣ አንሶላው፣ ወለሉ፣ ነጩ ጫማዋ፣ ሁሉም ራሰ። «ማትሮን እውነታቸውን ነበር፤ ሕመምተኛው ጫማዬን አላየብኝም» ስትል እኔ ሳቄ መጻፍ ከለከለኝ። «ይኼ ይውጣ» ካለቻቸው አንዱ ይኼ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ስትነግረኝ ግን አልሳቀችም። ሽንኩርቱንም አስቀመጠችው።

ይልማ የሚባል ወጣት ነበር። ሕንፃ ሲሠራ ከባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ወድቆ መጣ። ጋሽ ደምሴ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። ይልማ ራስ ቅሉ ሥር ደም ፈስሶ አንጎሉን ተጭኖታል፤ ሲጠሩት ከማቃሰት በቀር መልስ የለውም። ኦፕሬሽን ክፍሉ በሌላ ሕመምተኛ ተይዟል። ሐኪሙ «እስኪለቀቅ ድረስ ማኒቶል ይጀመርለት» አለ። አዳዳ ጠርሙሱን ወደ እንጦጦ አነሣችው፤ ጥርት ያለ ነው። ቱቦውን አስገባች። ማተቡን በጥፍሯ ፈትታ እጁ ላይ አሰረችለት። ጉማጆቹን አስተካከለች። መድኃኒቱን ለቀቀች።

ይልማ ነቃ። ዙሪያውን አየና «እማዬ፣ ጫማዬን ማን ወሰደው?» አለ። አዲስ ጫማ ነበር።

እናቱ እማማ ወርቄ ሾላ ገበያ ጌሾ የሚሸጡ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እልልታቸውን አቀለጡት። ተከትሎ የመጣው ጎረቤትም እልል አለ።

«እኔም አብሬ እልል አልኩ» አለችኝ አዳዳ።

ከዚያ ኦፕሬሽን ክፍሉ ሊለቀቅ ነው ሲባል ልታዘጋጅ ገባች። ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ተማክሮ «ልጁ ዳነ እኮ። የዳነ ሰው ጭንቅላት ለምን ይከፈታል?» ብሏል። ሐኪሙ ለምኗቸዋል፤ እነሱ ግን በራሳችን ኃላፊነት ብለው ፈርመው ይዘውት ወጡ። በቀጥታ ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ ለምስጋና።

እዚያ ያገኟቸው ቄስ ልጁን አዩት። ይልማ በሰው ትከሻ ላይ ማንቀላፋት ጀምሯል። «ጠበሉ የትም አይሄድም፣ እዚሁ ይጠብቃችኋል» አሏቸው። «ልጁን አሁኑኑ ወደ ሐኪሙ መልሱት።» መለሱት። ሾላ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ እማማ ወርቄ ሆስፒታሉ መጡ። አዳዳ ሊሰድቧት መስሏት ጠበቀች። እሳቸው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ሲስተር፣ ሊሞትብኝ ከሆነ ለምን ነቃልኝ?»

አዳዳ ነገረቻቸው። ስለ ደሙ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ጋሽ ደምሴ ያስተማሯትን በሙሉ። እማማ ወርቄ በትሕትና ሰምተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ምንም እንዳልመለሰችላቸው አዳዳ ከአረማመዳቸው አወቀች።

የዚያን ዕለት ራት ላይ አባዬ ተናድዶ ገባ። ያኔ ወያላ ነበር።

«አንዲት ሴትዮ» አለ፤ «መሃል መንገድ ላይ አስቁሜላት፣ በር ይዤላት፣ ኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋብኝ፣ እሷ ቆማ ጎረቤቷን ትስማለች። ‹ታክሲው ቆመልኝ፣ ተመስገን› ትላለች። አስነሣነው ሄድን። ደግሞ ከኋላ ትሰድበኛለች።»

«እና ምን አልካት?» አለችው አዳዳ።

«ምን እላታለሁ? ታክሲ ቢቆምልሽ ካልተሳፈርሽ ምን ይሠራልሻል?»

አዳዳ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሰሀኑ ላይ አስቀመጠችው። አባዬ ምግቡ የተበላሸ መስሎት አሸተተው።

በማግስቱ ሾላ ሄዳ እማማ ወርቄን ጌሾ መደባቸው ላይ አገኘቻቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ያ መድኃኒት ታክሲ ያቆማል እንጂ አያደርስም። ይልማ የነቃው ታክሲው ስለቆመለት ነው። የሚቆመው ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ነው። የሚያደርሰው ኦፕሬሽኑ ነበር።»

እማማ ወርቄ ጌሾውን በእጃቸው አገላበጡ። ገዢ መጥቶ ዋጋ ጠየቃቸው፣ አልመለሱለትም።

«ይህን ያን ቀን የነገረኝ ቢኖር» አሉ በኋላ፣ «እኔው ራሴ በጀርባዬ ተሸክሜ አስገባው ነበር።»

ቁጣ የለበትም። አዳዳን ያስለቀሳትም እሱ ነው፣ ቁጣ የሌለበት መሆኑ።

«አታልቅሺ» አሏት። «ለእኔ አልፏል። ለሌላዋ ንገሪ።»

ነገረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድም ሰው ቤተሰቡን ሳታስቀምጥና ስለ ታክሲው ሳትነግር ማኒቶል ለቅቃ አታውቅም። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ለመዱት፤ «ሲስተር፣ ታክሲው ተነግሯል?» ይሏታል። እማማ ወርቄም ገበያ ሲቀዘቅዝ መምጣት ጀመሩ። የጌሾ እስራቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ፣ ከተጨነቀ ሰው አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ አዲስ ጥበቃ በር ላይ አቁሞ «እማማ፣ የማን ጠያቂ ነዎት?» ቢላቸው «የሁሉም» አሉት። ከዚያ ወዲህ የሚያቆማቸው የለም።

እንግዲህ አሁን ወደ አባዬ ነው የምመጣው። ይህን ክፍል አዳዳ አልነገረችኝም። ነበርኩ።

አባዬ ከወያላነት ወደ ሹፌርነት ካደገ ቆይቷል። ባለፈው ታኅሣሥ ራሱን ያመው ጀመር። የእማዬን ሻሽ ግንባሩ ላይ አጥብቆ አስሮ ይነዳል። እኔ «ሙሽራ መስለሃል» እያልኩ እስቅበት ነበር፤ እሱም አንገቱን እንደ ሙሽራ ይሰብርልኛል። አዳዳ ቤት ስትሆን ሻሹን ይፈታል፤ እንዳንነግራትም አስምሎን ነበር፤ «መርፌዋን ይዛ ትመጣለች» ብሎ። አንድ ጠዋት አስመለሰው፤ ቀጥሎ ንግግሩ ተኮላተፈ። አዳዳን ሮጬ ጠራኋት። በር ላይ ቆማ ሻሹን አየችው። አንድም ቃል ሳትናገር ፈታችው።

ሲቲ ስካኑ ላይ እባጭ ታየ። ክፉ ዓይነት እንዳልሆነ የታወቀው በኋላ ነው። ያኔ የታወቀው ዙሪያውን አንጎሉ ማበጡ ብቻ ነበር። ዶክተር ናሆም፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ «ዛሬውኑ እንገባለን» አሉ። ክፍሉ እስኪዘጋጅ ስንጠብቅ አባዬ ዓይኑን ከደነ። ጠራሁት። እጄን የያዘበት እጁ ላላ።

በደንቡ ዘመድ ዘመዱን አያክምም፤ ስለዚህ ጠርሙሱን ያመጣችው ሌላ ነርስ ናት። አዳዳ እጇን ዘረጋች። ነርሷ ያለ ቃል ሰጠቻት። አዳዳ ወደ መስኮቱ አነሣችው፣ እኔም ከትከሻዋ ሥር አየሁ። እንጦጦ ውስጡ ነበረች። ከባሕር ዛፎቹ ፊት ደግሞ ነጫጭ ፍሬዎች፣ ልክ እንደ ጨው፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። የታኅሣሥ ብርድ ነው።

«ሙቅ ውሃ» አለች በዚያ በጋሽ ደምሴ ድምፅ።

ያቺ ጥበቃ እንዴት እንደረዘመችብኝ መጻፍ አልችልም። ጠርሙሱ ውሃው ውስጥ፣ አባዬ አልጋው ላይ። አዳዳ አንዴ አወጣችው፣ ወደ መስኮቱ አየች፣ መለሰችው። እንደገና አወጣችው። አንጓዋ ላይ አስነካችው። ከዚያ ለነርሷ ሰጠቻትና «ቱቦው ገብቷል፤ ልቀቂው» አለቻት።

አባዬ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

«ሲፈን፣ ዛሬ ትምህርት የለሽም እንዴ?»

ሳቅሁ። አለቀስኩ። እማዬ ግንባሩን ሳመችው። «ይኼ አልጋ ለምን ወደ እግሬ ያዘቀዝቃል?» አለ። ዳነ እኮ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት፣ በእነዚያው ቃላት።

ዶክተር ናሆም መጡ። «ክፍሉ ዝግጁ ነው። እንግባ።»

እማዬ ወደ አዳዳ ዞረች። ሁላችንም ዞርን። ይህን ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። አዳዳ የአባዬን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ዶክተር፣ ዛሬ ይረፍ» አለች።

«ምን አሉ ሲስተር?»

«አሁን ደህና ነው። ያወራል። ነገ ጠዋት ትንሽ በርትቶ፣ በደንብ ተዘጋጅቶ ቢገባ ይሻላል።»

ዶክተር ናሆም ተጨነቁ። «ሲስተር፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል፤ መድኃኒቱ…» አሉና አቆሙ። ለማን ምን ይነገራል?

«እሷ ካለች ነገ ይሁን» አለች እማዬ። ነርሷ መሬት መሬት አየች።

አዳዳን በኋላ ጠይቄያታለሁ። «ጠፍቶኝ አይደለም» አለችኝ። «አውቃለሁ። እጄ ግን እግሩን አልለቅም አለኝ። ሕፃን ሆኖ እንቅልፍ ሲወስደው የምይዘው በዚያ እግሩ ነበር።»

በሩ ላይ እማማ ወርቄ ነበሩ። መቼ እንደመጡ አላየንም። የጌሾ እስራቸውን እንዳቀፉ ናቸው።

«ሲስተር ጫልቱ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ታክሲው ቆሟል።»

አዳዳ ቀና ብላ አየቻቸው። እንዴት እንዳየቻቸው ደጋግሜ ልጽፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ ይቅር።

አባዬ ከትራሱ ላይ «ማን አቆመው?» አለ። «ሹፌሩ እዚህ ተኝቶ።»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ወርቄ ናቸው። እየሳቁ ወደ አዳዳ ሄደው ክንዷን ያዙ። «የእኔም ጫማውን ጠይቆኝ ነበር» አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

አዳዳ እግሩን ለቀቀች። ወደ ራስጌው ሄዳ ጎንበስ አለችና የማተቡን ቋጠሮ በጥፍሯ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ ጊዜ ወሰደ። ዶክተር ናሆም ቆመው ጠበቋት። ፈታችው፣ እጁ ላይ አሰረችለት፣ ሁለቴ አጠበቀችው።

«ገመቹ» አለችው በስሙ። «ልትሳፈር ነው።»

«ሒሳብ አልከፍልም» አላት።

በሩ ሲዘጋ እኛ አግዳሚው ላይ ቀረን። እማማ ወርቄ እስራቸውን ፈትተው ግማሹን ጌሾ ጭኔ ላይ አፈሰሱልኝ። «እንጨት እንጨቱን ለይልኝ» አሉኝ። ለየሁ። እማዬም ለየች። አዳዳም መጥታ ተቀመጠችና ለየች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ በዚህኛው በኩል ሆና። ጌሾው ተለይቶ አለቀ። እማማ ወርቄ መልሰው ቀላቀሉትና «አልጠራም፣ እንደገና» አሉን። አንዳችንም አልተቃወምንም።

ዶክተር ናሆም ሲወጡ ገና ሳይናገሩ አዳዳ ትከሻቸውን አይታ ተነሣች። «ወጥቷል፣ በሙሉ» አሉ። «አንጎሉ ረግቶ ነው የጠበቀኝ፣ ሲስተር። መድኃኒቱ በደንብ ሠርቷል።» አዳዳ አመስግና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጠርሙስ ሳትይዝ ብዙ ቆየች።

አባዬ ሲነቃ ሌላውን እጁን አንሥቶ የታሰረበትን አንጓ ዳበሰ። ጋሽ ደምሴ እንዳደረጉት ሁሉ አዳዳ ለማተቡ የደከመችው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ያለውን ስንብቱ ላይ አንብቤዋለሁ። ማትሮን ጋ ሲደርስ ሳቁ፣ ይልማ ጋ ሲደርስ ዝም አሉ፣ ጫማው ሲርስ ደግሞ አዳዳ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ነርሶቹ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ከባድ ነገር ሰጧት። ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ጉማጅ ነው። አቅፋው ቀረች።

የሚቀጥለውን የጻፍኩት ቤት ገብቼ ነው።

ከስንብቱ ወጥተን ሾላ ወረድን። አባዬ አሁን አይነዳም፤ ዶክተር ናሆም ለጊዜው መሪ እንዳይነካ ከልክለውታል። እዚያው ሾላ ተራ አስከባሪ ሆኗል፤ ጠባሳውን በኮፍያ ሸፍኖ ሹፌሮቹን ሲቆጣ ማየት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ታክሲ ሞልቶ አንድ ቦታ ቀርቶታል። እኔና አዳዳ ከነጉማጇ ገባን፤ እማዬ ቀድማ ይዛልናለች። አባዬ ግን በሩን በእጁ ይዞ ቆመ።

ወያላው «ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው፣ ጥሩልን እንሂድ» አለው።

«ሰው አለ።»

ከገበያው በኩል እማማ ወርቄ እስራቸውን በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ። ከስንብቱ ቀድመው ወጥተው መደባቸውን ሊያነሡ ሄደው ነበር። ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፣ እየቆሙ፣ ለአንዷ ሰላምታ እየሰጡ፣ ለሌላዋ ጌሾ እያሳዩ። ኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ነፋ። አንድ ተሳፋሪ «ኧረ እንሂድ» አለ። ሹፌሩ በመስተዋት አየን።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው የምንቆመው?» አለ ወያላው።

አዳዳ ጉማጇን ጭኗ ላይ አስተካክላ ለእማማ ወርቄ ቦታ ለማስፋት ወደ እኔ ተጠጋች።

«እስኪሳፈሩ» አለ አባዬ፣ እጁን ከበሩ ሳያነሣ።